በረት የገባችው ጀልባ

አሰላ ውስጥ ጀልባ ታስራ ነበር ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። አሰላ እኮ ደጋ ናት፤ ጭላሎ ተራራ ከላይ ሆኖ ብርዱን የሚልክባት ከተማ ናት። ጀልባ እዚያ ምን ልትሠራ ትመጣለች? ሌላ ሰው ቢያወራው እኔም አላምንም ነበር። ግን ጀልባዋን በገዛ እጄ ተቀብዬ በረት ያስገባኋት እኔ ነኝና ሳቃቸውን ችዬ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ላውጋችሁ።

ስሜ ከዲር ነው። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ። የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት ቀርተውት ነበር፤ እኛ ግን እንደሚያበቃ መች አወቅን። ሥራዬ የማዘጋጃ ቤቱን የከብት በረት መጠበቅ ነበር። በረቱ ከገበያው ጀርባ ያለ፣ በጥድ እንጨት የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ከገበያ የጠፋ በሬ፣ የሰው ማሳ ውስጥ የተገኘች በቅሎ፣ ባለቤት አጥቶ ከተማውን የሚዞር አህያ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ባለቤቱ ምልክቱን ተናግሮና ምስክር አቁሞ ይወስዳል። ባለቤት ያልተገኘለት ቅዳሜ ገበያ ላይ ይሸጣል።

ሥራው ለሌላው ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እወደው ነበር፤ እንደውም እኮራበት ነበር ማለት ይቻላል። ከኢተያ የመጣው፣ ከዲክሲስ የመጣው፣ «ላሜ ናት»፣ «በሬዬ ነው» የሚለው ሁሉ ፊቴ ይቆማል። እኔ አፉን ትቼ ዓይኑን አያለሁ። የሰው ከብት ሊወስድ የመጣ ሰው ቀንዱን ያያል፣ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፣ ሥጋውን በዓይኑ ይመዝናል። እውነተኛው ባለቤት ግን መጀመሪያ የሚያየው የከብቱን ሆድ ነው። ገና ከበሩ ሳይገባ «ውሃ ጠጥታለች?» ይለኛል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አጥሩን ተደግፌ ሰው ስመለከት የለቀምኩት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ። ከአሰላ ቁልቁል ሲወረድ የዝዋይ ሐይቅ በእኛ በአርሲ በኩል ያለው ዳርቻ ይገኛል። በዚያን ዘመን እሁድ እሁድ የአሰላ ሹማምንትና ነጋዴዎች፣ ለእርሻ ሥራ የመጡት ፈረንጆችም፣ ቤተሰባቸውን ይዘው እየወረዱ በጀልባ መንሸራሸር ጀምረው ነበር። የመዝናኛ ጀልባ በዛ። ሲበዛ ደግሞ ሁሉም ባሻው ቦታ ያስር ጀመር፤ አንዱ ከዛፍ፣ አንዱ ከድንጋይ፣ አንዱ ከብት ወደ ውሃ በሚወርድበት መንገድ ላይ ችካል ተክሎ። አንድ ቀን ኦቦ ገልቹ የሚባሉ የሐይቁ ዳር ሽማግሌ በሬያቸው በጀልባ ገመድ ተጠልፎ ወደቀባቸው። እግሩ ተሰብሮ ነበርና ታረደ። ሽማግሌው ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው አሰላ መጥተው ከሰሱ።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ ወጣ። የመዝናኛ ጀልባ የሕዝብ በሆነ ውሃ ዳር፣ ከተፈቀደው ማሰሪያ ቦታ ውጪ ማሰር ክልክል ሆነ። ያለቦታው ታስሮ የተገኘ ጀልባ ተይዞ፣ ባለቤቱ እስኪቀርብ ይጠበቃል ተባለ። እውነቱን ለመናገር ትእዛዙ ክፋት አልነበረበትም። ውሃው የሁሉም ነው፤ ሁሉም ባሻው ካሰረበት ደግሞ የማንም መሆኑ ይቀራል። ችግሩ የተያዘው ጀልባ የት እንደሚቀመጥ ማንም ያሰበበት አለመኖሩ ነው።

ይህን የማሰብ ዕጣ የወደቀው በማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ በአቶ በላቸው ላይ ነበር። ከሸዋ የመጡ፣ ቀጥ ያሉ፣ ጉቦ የማያውቁ፣ ሳቅም ብዙ የማያውቁ ሰው ነበሩ። አሰቡ፣ አወጡ፣ አወረዱ። ያለቦታው የተገኘ፣ ባለቤቱ ያልቀረበ ንብረት የት ነው የሚገባው? ከዲር ጋ፣ በረት ነው የሚገባው። በቃ፣ ጀልባ ይዞ እንዲመጣ ካሚዮን ላኩ።

ወሬው ቀድሞ ደርሶ ስለነበር ሌሎቹ ጀልባቸውን አሽሽተዋል። የተገኘችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያቺው የኦቦ ገልቹን በሬ የጠለፈችው። ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ከእንጨት የተሠራች፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር ያላት ትንሽ ጀልባ። ካሚዮኑ ከተማ ሲገባ ሱቁም ቡና ቤቱም ባዶ ቀረ። ጎሚስታው ጎማ እንደያዘ መጣ። ሰዉ አጥሩን ተደግፎ አንዱ «ስንት ሊትር ትታለባለች?» ይላል፣ ሌላው «ከዲር፣ ገለባ ትበላለች ወይስ ድርቆሽ?» ይለኛል። እኔ ግን በሥራዬ ቀልድ አላውቅም ነበር። ሆዷ እንዳይጎዳ ገለባ ጎዝጉዤ አሳረፍኳት። በረት ውስጥ ሳይታሰር የሚያድር ነገር የለምና በበቅሎ ልጓም ከግንዱ ጋር አሰርኳት። አቶ በላቸውም መጥተው ቋጠሮውን ሳብ ሳብ አድርገው አዩና «ጥሩ ነው» ብለውኝ ሄዱ።

በማግስቱ አቶ ግርማ መጣ። አቶ ግርማ ከተማው ውስጥ ሆቴል ያለው፣ ሐይቁ ዳርም ሌላ ሊከፍት ያሰበ ባለጠጋ ነው። ጀልባዋ የእኔ ናት አለ። ባለቤቷ የነበረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲሄድ ለእኔ ሸጦልኛል ብሎ ነገረኝ። ዙሪያዋን ዞረ፣ በከዘራው ጎኗን ቆርቆር አደረገ፣ ቀለሟ እንደሚቀየርና የሆቴሉ ስም እንደሚጻፍባት አወራኝ። አቶ በላቸው ምስክር ይዞ ቅዳሜ እንዲቀርብ ነገሩት። ሌላ ባለቤት ካልመጣ ጀልባዋ የእሱ ትሆናለች።

ከዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ዘይነባ የምትባል ወጣት መጣች።

በእህል መኪና ተሳፍራ ነበር የመጣችው፤ ሻሿ ላይ የስንዴ አቧራ ነበረበት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ አጥሩን ተሻግራ ገባች። መዳፏን ከጀልባዋ ሳንቃ ላይ አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ከዚያ ተንበርክካ ገለባውን ገለጥ አደረገችና ሆዷን አየች። ዞር ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቶታል።

«ውሃ አላጠጣችኋትም?» አለችኝ።

የምትቀልድ መሰለኝ። ሰዉ ሁሉ ሲቀልድብኝ ሰንብቷል። እሷ ግን እጄን ይዛ ሳበችኝና በሁለት ሳንቃ መካከል የተከፈተ ስንጥቅ አሳየችኝ። ጣት ያስገባል። ወሩ ጥር ነው፤ ከጭላሎ የሚወርደው ደረቅ ነፋስ ቀኑን ሙሉ ሲመታት ሰንብቷል። እንጨቷ ውሃ ለምዶ ኖሮ አሁን ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ይከፈታል። «እንዲህ ሆና ከከረመች ወላሂ ጀልባ አትሆንም፣ ማገዶ ነው የምትሆነው» አለች። እኔ ስለ ጀልባ የማውቀው ነገር አልነበረም። መጠማትን ግን አውቃለሁ። በርሜሌን አዘነበልኩና በባልዲ አጠጣኋት። ጆንያ ነክረን ጎኖቿን አለበስናት። ላሞቹ ቆመው ያዩን ነበር።

ውሃ እየቀዳን ታሪኳን ነገረችኝ። አባቷ አብዶ የፈረንጁ ዘበኛ ነበሩ። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ጀልባዋን ለእሳቸው ትቶላቸው ሄደ። ኋላ አባት ሞቱ። እናቷ ታማ ተኝታለች። ዘይነባ እሁድ እሁድ ሰው እያዝናናች፣ በዚያው እናቷን ታስተዳድራለች። ሴት ልጅ መቅዘፊያ ይዛ ብሎ የሚያወራ ሞልቷል፤ እሷ ግን የሚያወራውንም ቢሆን አሳፍራ እንደምታዝናና ነገረችኝ፤ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጀልባዋን ከብት መውረጃው ላይ የምታስረው አባቷ እዚያ ያስሩ ስለነበር ነው። ትእዛዙ ሲነገር እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት ስለነበረች አልሰማችም። ይህቺን ጀልባ ካጣች የሚቀራት ነገር የለም።

ምስክር እንዳላት ጠየቅኳት። እሷም የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ግን የማንም አፍ ከኦቦ ገልቹ ቀድሞ እንደማይከፈት ነገረችኝ። እሳቸው ደግሞ በጀልባዋ በሬ ያጡ ሰው ናቸው።

እስከ ቅዳሜ ድረስ አሰላ ዘመድ ቤት ተቀመጠች። በየማለዳውና በየምሽቱ እየመጣች ጀልባዋን አብረን እናጠጣለን። አቶ በላቸውን ለብቻቸው አግኝቼ ስለ ሁለቱ ባለጉዳዮች ያየሁትን ነገርኳቸው። አንዱ ስለ ቀለም አወራ፣ አንዷ ስለ ውሃ ጠየቀች አልኳቸው። «ከዲር፣ እኔም ገብቶኛል። ግን በአንተ ዓይን አልፈርድም፤ ነገ ሌላው ጠባቂ እንዳንተ ባይሆንስ? ምስክር ታምጣ» አሉኝ። ተናደድኩባቸውና ወደ በረቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ገበያው ሞልቶ እስከ አጥሩ ድረስ ሰው ቆሟል። አቶ ግርማ ሁለት አሽከሮቹን ምስክር አድርጎ መጥቷል፤ ፈረንጁ ሲሸጥለት እዚያው ነበርን ብለው ተናገሩ። አቶ በላቸው ወደ ዘይነባ ዞረው ማን እንዳላት ጠየቁ። ማንም አልነበራትም። መሬት መሬት ታያለች። እኔ የበረቱን በር ይዤ ቆሜያለሁ። ለላም ተጨንቄ አውቃለሁ፣ ለሰው ግን እንደዚያ ተጨንቄ አላውቅም ነበር።

በዚያ መሐል ሰዉ መንገድ ከፈተ። ቡሉኮ የደረቡ፣ ረጅም ዱላ የያዙ፣ እግራቸው እስከ ባታቸው አቧራ የለበሰ ሽማግሌ ገቡ። ኦቦ ገልቹ ነበሩ፤ ወሬው ሐይቁ ዳር ደርሷቸው ኖሯል። ዘይነባ ስታያቸው ፊቷ ጠቆረ። አቶ ግርማ ግን ደስ አለው፤ በሬ የታረደባቸው ሰው ለማን እንደሚፈርዱ የታወቀ ነው ብሎ ወንበር እንዲቀርብላቸው አዘዘ። እሳቸው አልተቀመጡም።

ሽማግሌው አማርኛ አይናገሩም፤ አቶ በላቸው ኦሮምኛ አይሰሙም። አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። አቶ በላቸው ጀልባዋ የማን እንደሆነች ጠየቋቸው። ኦቦ ገልቹ ሳይመልሱ ወደ ጀልባዋ ሄዱ። እርጥቡን ጆንያ በዱላቸው ጫፍ አነሱና ለምን እንደረጠበ ጠየቁኝ። ውሃ ተጠምታ ነበር፣ እናጠጣታለን አልኳቸው። ማን ነው እንድታጠጣ የነገረህ አሉኝ። በአገጬ ወደ ዘይነባ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጸሐፊው ተመለሱ።

«የከሰስኩት ገመዱን ነው» አሉ። «ጀልባዋን አልከሰስኩም። ከከብቶቻችን መንገድ ላይ ፍቱልን አልኩ እንጂ ወስዳችሁ ተራራ ላይ አውጧት አላልኩም።»

ተረጎምኩ። አቶ በላቸው ጥያቄያቸውን ደገሙ፤ ጀልባዋ የማን ናት?

«የአብዶ ናት። ፈረንጁ ሲሰጠው እኔ ተቀምጬ ነበር፤ ሦስታችንም ወተት ጠጣን። አብዶ ሞቷል፤ እንግዲህ የልጁ ናት።»

አቶ ግርማ ብድግ አለ። በሬ ያጣ ሰው እንዴት ለበደለችው ይመሰክራል፣ ተስማምተዋል ማለት ነው አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ኦቦ ገልቹ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ በእኛ በአርሲ የጠፋ ከብት ባለቤቱን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ራሱ ሰርቆ እንደነዳው ይቆጠራል አሉ። «የበሬው ነገር በእሷና በእኔ መካከል አለ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ያየዋል። ይህ ሌላ ነገር ነው። እኔ ሌባ ሆኜ ልሙት?» አሉ።

አቶ በላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ከእሷ ጋር ጠብ ያለው ሰው ለእሷ የሚዋሽበት ምክንያት የለም፣ የአሽከር ምስክርነት ግን ለጌታው ነው አሉና ፈረዱ። ልጓሙን እንድፈታ አዘዙኝ። ያን ቋጠሮ ፈታሁት። ዘይነባ ኦቦ ገልቹ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ሽማግሌው በዱላቸው መለሷትና አዲስ ማሰሪያ ቦታ ቶሎ እንድትፈልግ ነገሯት።

ያ ነገር እዚያ አላበቃም። አቶ በላቸው ቀና ሰው ስለነበሩ ሽማግሌውን እንዳይሄዱ አስቆሙና፣ የጀልባ ማሰሪያው የት ቢሆን ከብት አይነካም ብለው ጠየቁ። በትእዛዙ ላይ የተጻፈው ቦታ አቶ ግርማ ሆቴል ሊሠራ ያሰበበት ፊት ለፊት ነበር፤ ማን እንደመረጠው እግዜር ይወቀው። ኦቦ ገልቹ ውሃው ውስጥ ከበቀለው ከፊላው ሣር ወዲያ፣ ዳሩ ድንጋይ የሆነበት፣ ከብት የማይወርድበት ቦታ እንዳለ ነገሯቸው። አብረው ወርደው ሊያዩ ተስማሙ።

ሰኞ ጀልባዋን ካሚዮን ላይ ጭነን ወረድን። እኔ የሄድኩት የማዘጋጃ ቤት ንብረት አስረካቢ ተብዬ ነው። ሐይቁን ከዚያ በፊት ከሩቅ ካልሆነ አይቼው አላውቅም ነበር። ጉማሬ ውሃው ውስጥ ሲተነፍስ ስሰማ ካሚዮኑ ጎማው የተነፈሰ መስሎኝ ዘልዬ ወረድኩ። ዘይነባ ሳቀችብኝ።

ከዚያ ጀልባዋን ውሃ ላይ አሳረፍናት። ወዲያው በየስንጥቁ ውሃ ገባና ሰመጠች። ጮህኩ፤ ገብቼ ላወጣት ልብሴን ማውለቅ ጀመርኩ። ያ ሁሉ ድካም፣ ያ ሁሉ ባልዲ ውሃ ከንቱ ቀረ አልኩ። ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዋት» አለችኝ፤ «ትጠጣ። ጠጥታ ስትጠግብ ራሷ ትነሳለች።»

ጥልቀት የሌለው ቦታ ነበር። ድንጋይ ጫንንባትና ተውናት። የሐይቁ ሰው የደረቀች ጀልባ የሚያድነው እንዲህ ነው፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ስንጥቁን ራሱ ይዘጋል። ካሚዮኑ ሲመለስ ግን እኔ አልተሳፈርኩም። ስትነሳ ካላየሁ አልሄድም አልኩ። ኦቦ ገልቹ ቤት አደርኩ፣ ሰነበትኩ። በየማለዳው ወርጄ አያለሁ። አንድ ማለዳ ዘይነባ ድንጋዩን አነሳች፣ ውሃውን ቀዳች፤ ጀልባዋ ብቅ አለች፤ ነጭ ሆና ቀጥ ብላ ቆመች። አለቀስኩ። ዛሬም ስጽፈው እንባዬ ይመጣብኛል።

አዲሱ ማሰሪያ ቦታ ጠባቂ ያስፈልገው ነበር። የመዝናኛ ጀልባዎቹን ቦታ ቦታ የሚያሲዝ፣ ገመዳቸውን የሚቆጣጠር፣ ሰው ከከብት መንገድ ላይ ሲያስር የሚከለክል ሰው። አቶ በላቸው ማን ይሁን ሲሉ እኔ እጄን አወጣሁ። አሰላ ያሉ ጓደኞቼ አበድክ እንዴ አሉኝ፤ ደጋ ተወልዶ ቆላ የሚወርድ ማነው? እኔ ግን ወረድኩ። ሥራው ያው ሥራዬ ነበር፤ በረቱ ብቻ ውሃ ሆነ። የበሬውን ነገር ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጨረሱት፤ ዘይነባም ከጊዜ በኋላ ኦቦ ገልቹን አባቴ እያለች ትጠራቸው ነበር። ያው እሳቸው ናቸው ኋላ ለእኔ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ። ለማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም መሰለኝ።

ያ ዘመን አለፈ። አብዮቱ መጣ፣ የእሁድ ተዝናኚዎቹ በአንድ ሰሞን ጠፉ፣ ፈረንጆቹ ሄዱ፣ አቶ በላቸው ተዛውረው ሲሄዱ እንኳ በቅጡ አልተሰናበትናቸውም። ኦቦ ገልቹ በሰላም አርፈው ሐይቁን ከሚያይ ጉብታ ላይ ተቀበሩ። ያን የእሁድ ከሰዓት ስናስታውስ፣ የልጆች ሳቅ በውሃው ላይ ሲሄድ፣ ጀልባዎቹ በተርታ ታስረው ሲወዛወዙ፣ ከፊላው ማዶ ከብቶቹ ማንም ሳይነካቸው ሲጠጡ፣ ልባችን ይናፍቃል። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዞ ነበር። አጭር ጊዜ ነበር፣ ግን ነበር።

እናንተ አንባቢዎቼ ደግሞ ከዚህ ምን እንውሰድ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የተማረ ሰው አይደለሁም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ትእዛዙ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲወጣ ትክክል ነበር፤ ሰው የጎዳው በአፈጻጸሙ ነበር። ያዳነውም የተበደለው ሰው ራሱ መጥቶ፣ ከጠየቅኩት በላይ አታድርጉ ማለቱ ነው። በሬ ታርዶበት እንዲህ የሚል ሰው ካያችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። እኔ ስከሰስም ስከስም እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ገመዱን ነው ወይስ ጀልባዋን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ጀልባዋ አሁን አርጅታ ከቤታችን ጓሮ ተደፍታለች። ከእንግዲህ ውሃ ላይ አትወጣም፤ ሳንቃዋ በስብሷል፣ ዶሮዎች ከሥሯ ይጠለላሉ። ግን ጥር ሲገባና ደረቁ ነፋስ ሲጀምር ዘይነባ ወገቧን ይዛ ትነሳና ባልዲ ትፈልጋለች። ለምን ትደክሚያለሽ፣ ለማን ነው አልላትም። በርሜሉን አዘነብልላታለሁ።